የመድፍ መሥሪያ መሣሪያ ፍለጋ፦ አፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ሥራ ቤት

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተተርኳል። ጀግንነታቸው፣ ቁጣቸው፣ የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ የነበራቸው ምኞትና የመቅደላው ፍጻሜያቸው በታሪክ መጻሕፍት፣ በቲያትርና በልብ ወለድ ተደጋግሞ ቀርቧል። ለምህንድስና ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው አንዱ ገጽታ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት መስመር ይታለፋል። ይኸውም ንጉሡ የጦር መሣሪያ ከመግዛት ወደ መሥራት፣ ከመሥራትም አልፈው የመሥሪያውን መሣሪያ ወደ መፈለግ የተጓዙበት መንገድ ነው። የሕይወታቸው ታሪክ በዚህ በኩል ሲታይ፣ አንድ ሥራ ቤት ለማቋቋም ምን ምን እንደሚያስፈልግ፣ ከሚያስፈልገውም ውስጥ በገንዘብም ሆነ በኃይል የማይገኘው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ በማጣቱ በገዳም ትምህርት ጀመረ፤ በኋላም በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ። ቋራ የኢትዮጵያና የሱዳን ቆላ የሚገናኙበት ጠረፍ ነው። በዚያን ዘመን ሱዳንን የያዘው የግብፅ መንግሥት ጦር ከዚሁ ጠረፍ ይደርስ ስለነበር፣ ካሣ በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነና መድፍ የያዘ ሠራዊት ምን እንደሚመስል ከማንኛውም የመሐል አገር መስፍን ቀድሞ ለማየት ዕድል አገኘ።

ዕድሉ ግን በደም የተከፈለ ነበር። በ1840 ዓ.ም. ካሣ ደባርቂ በተባለው ስፍራ መሽጎ ይጠብቀው የነበረውን የግብፅ ጦር ገጠመ። ጎራዴና ጋሻ የያዘው፣ በጀግንነቱ የተመካው ሠራዊቱ ወደ ምሽጉ ሲሮጥ በመድፍና በጠመንጃ እሩምታ ረገፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ካሣ ሁለት ነገሮችን ከልቡ ሳያወጣ ኖረ፤ አንደኛው የሥርዓት ያለው ሠራዊት ጥቅም ሲሆን ሁለተኛው የመድፍ ኃይል ነው።

ከዚህ ሽንፈት በኋላ በነበሩት ዓመታት ካሣ በተከታታይ ድል አደረገ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ፣ በሰኔም በአይሻል የየጁዎቹን ኃይል ሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ የሰሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በድሉም ውቤ ለብዙ ዓመታት በምፅዋ በኩል እያስገቡ ያከማቹት ጠመንጃ በእጁ ገባ።

ይህ ክምችት ግን ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ችግሩን እንጂ መፍትሔውን አላሳያቸውም። ጠመንጃ ይሰበራል፤ ባሩድ ያልቃል። በዚያን ጊዜ የነበረው የተሻለ ጠመንጃ ደግሞ ባሩዱን ለመለኮስ ከአውሮፓ የምትመጣ አንዲት ትንሽ የመዳብ ቆብ ይፈልጋል። ያቺ ቆብ ከታጣች፣ ጠመንጃው ከዱላ የማይሻል ብረት ሆኖ ይቀራል። የባሕሩ በር በባዕድ እጅ እስካለ ድረስም ቆቡም፣ ባሩዱም፣ ጠመንጃውም በሌላ ሰው ፈቃድ ይመጣል፤ በሌላ ሰው ፈቃድም ይቀራል። ንጉሡ የሥራ ቤት ማቋቋምን ያሰቡት ከዚህ ጭንቀት ተነሥተው ነው።

የአገሩ ቀጥቃጭና የእንግዶቹ ባለሙያዎች

ኢትዮጵያ ብረት የማቅለጥና የመቀጥቀጥ ሙያ አልነበራትም ማለት ስሕተት ነው። የአገሩ ቀጥቃጭ በወናፍ፣ በመስፍ፣ በመዶሻ፣ በጉጠትና በሞረድ ብቻ ማረሻውን፣ ጦሩንና ጎራዴውን ይሠራ ነበር። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወገኖች በቀጥቃጭነትና በግንበኝነት የታወቁ ነበሩ። ባሩድም ቢሆን ከከሰል፣ ከድኝና ከባሩድ ጨው ተቀላቅሎ በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የሙያው ክብር ነው፤ ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ፣ ከማኅበራዊ ኑሮም ይገለል ስለነበር፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ ሳይሰፋና ሳይሻሻል ቆየ። ሁለተኛው ደግሞ በብዛት የማቅለጥና በልክ የመቅረጽ መሣሪያ ነው። በእጅ ወናፍና በትንሽ ምድጃ ማረሻ ይሠራል፤ መድፍ ግን አይፈስም።

ንጉሡ ሁለቱንም ጉድለቶች ከውጭ በሚመጡ የእጅ ባለሙያዎች ለማሟላት ፈለጉ። በዚያን ጊዜ የኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት፣ ራሳቸው ቀደም ብለው ኢትዮጵያ ውስጥ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የወጡ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር ያጣመሩ ወጣቶችን መላክ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ በ1848 ዓ.ም. ገደማ ደረሱ፤ ቆይቶም ሌሎች ተከተሏቸው። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ ዛልሙለርና ዋልድማየር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ሞሪትስ ሆል የተባለ ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አሰፈሯቸው። እነርሱም ቤት ሠሩ፤ አገር ልብስ ለበሱ፤ አማርኛ ተማሩ፤ አንዳንዶቹም እዚያው አገቡ። ዋልድማየር ያገባው የንጉሡ የቅርብ ወዳጅና ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ ሰዎች የእጅ ሥራ ያውቁ ነበር እንጂ አብዛኞቹ የመድፍ ባለሙያዎች አልነበሩም። ጠመንጃ ሲሰበር መጠገን፣ በር መግጠም፣ ቤት መሥራትና መንገድ ማውጣት ይችላሉ። መድፍ ማቅለጥ ግን በአውሮፓ እንኳ ለብቻው የሚጠና፣ በጥቂት የመንግሥት ሥራ ቤቶች ተወስኖ የሚሠራ ሙያ ነበር። ንጉሡ ቦምብ የሚተኩስ ሞርታር እንዲሠሩላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ ሰዎቹ እንደማይችሉ መለሱ። እምቢታ መስሎ የታያቸው ንጉሥ አሽከሮቻቸውን አስረው አስገደዷቸው፤ እነርሱም ለመሞከር ተስማሙ። ጋፋት የተመሠረተው እንግዲህ በአንድ በኩል በአክብሮትና በሽልማት፣ በሌላ በኩል በሰንሰለት ነው። ይህ ሁለት መልክ እስከ መጨረሻው ከሥራ ቤቱ አልተለየም።

እቶኑና ቅርጹ

የጋፋት ሰዎች የገጠማቸውን ችግር ዛሬ በቀላሉ መተንተን ይቻላል። ንጹሕ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለመድፍ የሚስማማው ነሐስ፣ ማለትም ዘጠኝ እጅ ያህል መዳብና አንድ እጅ ያህል ቲን የተባለው ነጭ ብረት የተቀላቀለበት፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ለማፍሰስ የሚሆን የብረት ቅልጥ ግን ከዚህ የበለጠ ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህ ከሰልና ወናፍ ብቻ ላለው ሰው ነሐስና ናስ የሚደረስባቸው፣ ብረት ግን የሚያስቸግር መሆኑ ግልጽ ነው። የጋፋት መድፎች ከነሐስና ከናስ መፍሰሳቸው በዚህ ምክንያት የሚያስገርም አይደለም።

ሙቀቱ ቢገኝ እንኳ እቶኑ ራሱ መቻል አለበት። ተራ ጭቃና ተራ ድንጋይ በዚያ ሙቀት ይሰነጠቃል ወይም ይቀልጣል፤ ሙቀት የሚችል ሸክላ መምረጥ፣ ማድረቅና መተኮስ ለብቻው አንድ ሙያ ነው። ከዚያም ቅርጹ አለ። የማፍሰሻው ቅርጽ እርጥበት ከቀረበት፣ የጋለው ቅልጥ ውሃውን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ለውጦ ቅርጹን ያፈነዳዋል፤ በዙሪያው ያለውንም ሰው ይፈጃል። ቅልጡ በአንድ ጊዜ ሳይቋረጥ ካልፈሰሰም፣ ቀድሞ የረጋው ከኋለኛው ጋር ሳይዋሐድ ይቀርና ያ መጋጠሚያ በተኩስ ጊዜ የሚሰነጠቅበት ስፍራ ይሆናል።

በጋፋት የመጀመሪያውን የማቅለጥ ሙከራ ያደረገው አንድ ፈረንሳዊ ብረት አቅላጭ ነበር፤ ሙከራው ግን ሳይሳካ ቀረ። ቀጥሎ ሥራው በሚስዮናውያኑና በጓደኞቻቸው እጅ ወደቀ። እነርሱም ከደጋገሙ በኋላ አንድ ትንሽ ሞርታር አፈሰሱ። ንጉሡ የተደሰቱት ደስታ ወሰን አልነበረውም። ሠራተኞቹን በፈረስና በበቅሎ፣ በልብስና በብር ሸለሙ። አገሩ ቀጥቃጭን በሚንቅበት ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ እሳትና ብረት ለሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ክብር መስጠታቸው ራሱ እንደ አዋጅ የሚቆጠር ነበር። ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ በጋፋት ተመደቡ።

ሞርታር የመጀመሪያ ሥራ ሆኖ መመረጡም ያለምክንያት አይደለም። ረጅም መድፍ ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሆኖ መሰርሰር አለበት፤ ለዚያም ጠንካራ የመሰርሰሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሞርታር ግን አጭርና አፈ ሰፊ በመሆኑ፣ ውስጡን በቅርጹ መሐል በሚቆም ግንድ አስቀርቶ ማፍሰስና ቀሪውን በእጅ ማስተካከል ይቻላል። በመሆኑም ጋፋት የፈጠረው መሣሪያ ጋፋት የነበረው መሣሪያ የፈቀደው ነው። አንድ ሥራ ቤት የሚሠራው የሚመኘውን ሳይሆን መሣሪያው የሚችለውን መሆኑን የማኅበራችን አባላት ከዕለት ሥራቸው ያውቁታል። ንጉሡም ይህን በራሳቸው መንገድ የተረዱት ይመስላል።

የ1858 ዓ.ም. ዝርዝር

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የተላከው ከንግሥቲቱ አንድ ጠመንጃና ጥንድ ሽጉጥ ይዞ በመጣው በቆንስል ካሜሮን በኩል ነበር። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ ሳያገኝ ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ጋር ተቀመጠ። ከዚህም የተነሣ ንጉሡ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ሆርሙዝድ ራሳምን መልእክተኛ አድርጎ የላከው እስረኞቹን ለማስፈታት ነበር፤ ራሳም በጥር 1858 ዓ.ም. ከንጉሡ ፊት ቀረበ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩት። ፍላድ ይዞት የሄደው ጥያቄ ከምህንድስና አንጻር በአገራችን የአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ሰነድ ነው። ንጉሡ የጠየቁት ጠመንጃ ሠሪዎችን፣ የመድፍ መኮንንን፣ ብረት አቅላጭን፣ ጀልባ ሠሪንና የሠረገላ እግር ሠሪን ነበር። ከእነዚህም ጋር ለማቅለጫው አየር የሚነፋ አነስተኛ የእንፋሎት ሞተር፣ የቶርኖ መሣሪያ፣ የጠመንጃ ቆብ የሚሠራ ማሽን፣ ባሩድና የሩቅ ማያ መነጽር ጠየቁ።

ዝርዝሩ አንድ በአንድ ሲመረመር የጋፋትን የአምስት ዓመት ልምድ ይናገራል። የእንፋሎቱ ሞተር የተፈለገው የሰው ክንድ በወናፍ የሚሰጠው ትንፋሽ የማይበቃና የማይዘልቅ በመሆኑ ነው፤ ያልተቋረጠ አየር ከሌለ ነሐስን እንጂ ብረትን ማቅለጥ አይቻልም። ብረት አቅላጩ የተፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መዳብና ናስ ውድና ጥቂት ሲሆኑ የብረት ማዕድን ግን በአገር ውስጥ ይገኝ ነበር። ቶርኖው የመሣሪያዎች ሁሉ እናት ነው፤ ብሎኑን፣ ዘንጉንና የመድፉን አፍ በልክ የሚቀርጸው፣ ሌላውንም መሣሪያ የሚወልደው እርሱ ነው። የቆብ ማሽኑ ደግሞ ጠመንጃውን ከባሕር ማዶ ፈቃድ ነፃ የሚያወጣ ነበር። የሠረገላ እግር ሠሪው የተጠየቀው መድፍ ከተሠራ በኋላ መጓዝ ስላለበት ነው። ጀልባ ሠሪውም በከንቱ አልተጠየቀም፤ ንጉሡ በዚያው ሰሞን በጣና ዳር ከደንገል የተሠራና በእጅ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ያለው ትልቅ ጀልባ ለማሠራት ሞክረው ነበር።

ደባርቂ ላይ የመድፍን ኃይል ያየው ወጣት መድፍ ተመኘ። ደረስጌ ላይ የነገሡት ንጉሥ መድፍ ሠሪ ፈለጉ። በ1858 ዓ.ም. ያሉት ቴዎድሮስ ግን የመድፍ መሥሪያውን መሣሪያ፣ ከመሣሪያውም ጋር የሚያልቀውን አላቂ ዕቃ የሚተካውን ማሽን ለይተው ጠየቁ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የተደረገው ይህ የአሳብ ጉዞ፣ ምንም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ ሰው እጅግ ረጅም ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት ጥያቄውን ተቀበለ። ባለሙያዎች ተቀጠሩ፤ መሣሪያዎች ተገዙ፤ ሁሉም በመርከብ ተጭነው ምፅዋ ደረሱ። ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር የመጣው ቃል እስረኞቹ በመጀመሪያ ይለቀቁ የሚል ነበር። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹና መሣሪያዎቹ በመጀመሪያ ይምጡ አሉ። አንዱ ወገን ሌላውን ሳያምን፣ ቶርኖውና የእንፋሎት ሞተሩ በምፅዋ ሙቀት ውስጥ ወራት ቆዩ። በመጨረሻም በ1859 ዓ.ም. ባለሙያዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ንጉሡ በሕይወታቸው ሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ከግዛታቸው ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ።

ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለደብዳቤ መልስ አለመስጠት ንቀት ነበር፤ መልእክተኛን ማሰርም የዘመኑን የመንግሥታት ሥርዓት የጣሰ ነበር። ለሥራ ቤቱ ግን ውጤቱ አንድ ነው። መሣሪያ የሚገዛው በብር ብቻ አይደለም፤ በመታመንም ነው። ንጉሡ የዕቃውን ዝርዝር ሲያወጡ ይህ ነገር ከዝርዝሩ ቀርቶ ነበር።

ሴባስቶፖል

የጠየቁት ሲቀርባቸው ንጉሡ ያላቸውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. የጋፋት ባለሙያዎች ንብረት ተወርሶ እነርሱም ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ፤ ሥራው ግን በቁጥጥር ሥር ቀጠለ። ያለ ቶርኖና ያለ እንፋሎት ከተሠሩት መድፎች ሁሉ የሚበልጠው፣ በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በገነነው ከተማ ስም ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ይህን ያህል ነሐስ ቢለካ ከአንድ ሜትር ኩብ በታች ይሆናል፤ በብዛቱ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በከሰል እቶን አቅልጦ፣ ሳያቋርጡ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቅርጽ ማፍሰስ ግን በማንኛውም ጊዜ ቢሆን የሚያኮራ ሥራ ነው።

በዚህ መካከል የንጉሡ ግዛት ጠበበ። መኳንንቱ ከዱ፤ ገበሬው ሸፈተ፤ ጎንደር በራሳቸው እጅ ተዘረፈች፤ ሠራዊታቸውም ከቀን ወደ ቀን መነመነ። የእንግሊዝ ጦርም በቀይ ባሕር ዳር መውረድ ሊጀምር ነበር። ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በቀጥታ ቢለካ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ግን ስድስት ወር ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም መንገዱ ከሠረገላው ፊት ፊት እየተሠራ መሄድ ስለነበረበት ነው።

ሴባስቶፖልን ለመጎተት 500 ሰው ይመደብ ነበር። ቁጥሩ ለመሐንዲስ የሚነግረው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ አምስት ሜትር አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ 7000 ኪሎ ግራም ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 1400 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ባልተደላደለ መሬት ላይ የእንጨት እግር የሚፈጥረው ሰበቃ ሲጨመርበት ከ2000 በላይ ይደርሳል። ለ500 ሰው ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከአምስት ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አስቸጋሪው የጉልበቱ መጠን አልነበረም። የጠፍሩ ጥንካሬ፣ 500 ሰው በአንድ ድምፅ እንዲስብ ማድረግ፣ በጠባብ ማዞሪያ ላይ ረጅሙን የሰው ሰልፍ ማጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሠረገላውን መያዝ ነው እውነተኛው ችግር። የጅጣ ሸለቆ 1000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ያንኑ ያህልም መልሶ ይወጣል። በዚያ ገደል ላይ በባሩድና በመዶሻ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ አፈሩ እየተደለደለ መንገድ ወጣ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። በስተኋላ በዚያው ሸለቆ ያለፉት እንግሊዞች ይህን መንገድ አይተው አደነቁ፤ ራሳቸውም ተጠቀሙበት።

በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል መቅደላ ግርጌ ደረሰ። በኢትዮጵያ ምድር ላይ በዚያን ዘመን ከተፈጸሙት የምህንድስና ሥራዎች ሁሉ ይህ ጉዞ በድፍረቱ ወደር አልነበረውም። ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ የመንግሥቱ ቀሪ ጉልበት በአንድ የነሐስ ክምር ላይ ፈሰሰ። መሣሪያው ለጌታው መሥራቱ ቀርቶ ጌታው ለመሣሪያው ይሠራ ጀመር።

አሮጌና ከዚያ በኋላ

በሌላው ወገን የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደር ነበረው። ከእርሱ በቁጥር እጥፍ የሚሆን አገልጋይ፣ ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳና መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ተከትለውታል። በዙላ ወደብ የመርከብ ማራገፊያ ተሠራ፤ የባሕር ውሃ ተጣርቶ ለመጠጥ ዋለ፤ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ የባቡር ሐዲድ ተነጠፈ። ይህ ሁሉ ለጥቂት ወራት ዘመቻ ሲሆን ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ናፒየር ራሱ መሐንዲስ መኮንን ነበር፤ ጦርነቱን ከመድፉ ይልቅ በአቅርቦቱ አሸነፈ ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ሠራዊት ከፋሕላ ቁልቁል ወረደ። ከላይ የተደረደሩት መድፎች ተኮሱ፤ አብዛኛው ጥይት ግን ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ባሩድ ከመጠን በላይ ጎርሶ ፈነዳ። እንግሊዞች የያዙት ከኋላ የሚጎርስ የስናይደር ጠመንጃ ከአፍ ከሚጎርሰው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይተኩስ ነበር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ገብርዬም አብሯቸው ወደቀ። ከእንግሊዞች ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የመቅደላ በር ሲሰበር አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። የገደሉበትም ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣላቸው እንደሆነ ይነገራል።

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን አቃጥሎ፣ የተገኙትን መድፎች አብዛኞቹን ሰባብሮ ሲመለስ የጋፋትን ባለሙያዎችም ይዞ ወጣ። ለሥራ ቤቱ የመጨረሻው ሞት ይህ ነው። ከመድፉ ይልቅ በሰዎቹ ራስና እጅ ውስጥ የነበረው እውቀት አብሮ ሄደ። ጋፋት ውስጥ ሙያ እንዲማሩ የተመደቡት ወጣቶች ስማቸው እንኳ ተመዝግቦ አልቀረም፤ ሥራውን የሚቀጥሉበት እቶንም፣ የሚያዛቸው ጌታም፣ የሚያከብራቸው ኅብረተሰብም አልነበራቸውም።

ስለ አፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ ፍለጋ ሲታሰብ፣ ሴባስቶፖል ከንቱ ልፋት ነበር ማለት ቀላል ነው። በእርግጥም ነሐስ የፈሰሰበት፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ሞርታር በ1860 ዓ.ም. በአውሮፓ ጊዜው እያለፈበት ነበር። የአርምስትሮንግና የክሩፕ ሥራ ቤቶች ውስጡ የተቦረቦረ የብረት መድፍ ያወጡ ነበር። በምፅዋ የቆመው ቶርኖ ቢገባ ኖሮ ግን ጥቅሙ ሌላ ሞርታር መሥራት ላይ አያበቃም ነበር። ማረሻ፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የሠረገላ እግርና የውሃ መሳቢያ የሚሠራበት ሥራ ቤት ይወለድ ነበር። የጦር መሣሪያ ያረጃል፤ የሥራ መሣሪያ ግን አዲሱን ይወልዳል። ንጉሡ ይህን ዘግይተውም ቢሆን አይተዋል፤ የ1858 ዓ.ም. ዝርዝራቸው ምስክር ነው።

ያላዩት ግን የባለሙያውን ነፃነት ነው። የታሰረ ሰው አንድ መድፍ ያፈስ ይሆናል፤ ሙያውን ግን በደስታ አያስተምርም፤ በሩ በተከፈተ ቀንም ይሄዳል። ያከበሩትን የእጅ ባለሙያ መልሰው በሰንሰለት ሲይዙት፣ ንጉሡ በአንድ እጃቸው የገነቡትን በሌላው አፈረሱት።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ፣ በአምባ ማርያም፣ ከመሬት ላይ ተጋድሞ ይታያል። አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ የንጉሡን ኃይል ያስብበታል። ቶርኖው፣ የእንፋሎት ሞተሩና የቆብ ማሽኑ ግን ሐውልት የላቸውም፤ ምፅዋ ላይ ከመርከብ ወርደው ወደ መርከብ ተመለሱ። የአገራችን የሥራ ቤት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የመጀመሪያው ገጽ ለመድፉ ሳይሆን ለዚያ ዝርዝር ሊሰጥ ይገባል።